የማሞቂያ ቢል ለከበዳችሁ፦ እኛ ሊሂፕን ያገኘንበት መንገድ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ሆናችሁ የጋዝና የመብራት ቢል ከአቅማችሁ በላይ ለሆነባችሁ ነው። ሊሂፕ ማለት ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ የማሞቂያና የመብራት ቢል የሚያግዝ የመንግሥት ፕሮግራም ነው። በተለይ የምጽፈው "ይሄ ነገር ለእኛ አይሆንም" ብላችሁ ለተዋችሁት ነው። እኛም ቤት ለረጅም ጊዜ ሲባል የነበረው ይኸው ነው።

የምንኖረው ሚኒሶታ ነው። የዚህን አገር ጃንዋሪ ላላየ ሰው መንገር ይከብዳል። ቤታችን ኪራይ ነው፣ ዱፕሌክስ። ጋዙም መብራቱም በእኛ ስም ነው የሚመጣው። ባለቤቴ በመኪናው ሰው ያመላልሳል። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። እናቴ አብራን ናት፣ ልጆችም አሉን። ባለቤቴ ወገቡን ታሞ ኦፕሬሽን ሲያደርግ ገቢያችን ባንዴ ወረደ። ኪራይ አይቆይም። ምግብ አይቆይም። የመኪና ኢንሹራንስ ካልተከፈለ ሲሻለውም ሥራ የለም። ስለዚህ "በሚቀጥለው ወር" እየተባለ የሚገፋው የጋዝ ቢል ሆነ።

ቢል ሲጠራቀም ቤት ውስጥ ምን እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ቴርሞስታቱ ይወርዳል። ሰው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይታጎራል። እናቴ ጃኬት ለብሳ፣ በላዩ ጋቢ ደርባ፣ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ነበር ቀኑን የምትውለው። ብርድ ነው ብላ ግን አንድም ቀን አላማረረችም፣ እኛን ላለማስጨነቅ። ሌላው የተለመደው ነገር ኦቨኑን ለኩሶ በሩን ከፍቶ መተው ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የጋዝ ኦቨን ቤት እንዲያሞቅ አልተሠራም። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሰውን በተኛበት ይገድላል። ጠቋሚ መሣሪያው መኝታ ቤት አካባቢ መኖሩን ዛሬውኑ እዩ። ባትሪውንም ሞክሩት።

እርዳታ መኖሩን የነገረን ሰው የለም። ቢሉ ራሱ ላይ ተጽፎ ነበር፣ ከጀርባው፣ በትንንሽ ፊደል። ማን የቢል ጀርባ ያነባል? የሥራ ባልደረባዬ ናት "211 ደውዪ" ያለችኝ። 211 በአብዛኛው አሜሪካ የሚሠራ ነጻ ቁጥር ነው። ዚፕ ኮድ ትነግሯቸዋላችሁ፣ በአካባቢያችሁ የትኛው ድርጅት ማመልከቻ እንደሚቀበል ይነግሯችኋል። ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት "ኮሚዩኒቲ አክሽን" የሚባሉት የአካባቢ ድርጅቶች ናቸው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ከማሞቂያ ሌላም ብዙ ነገር ይሠራሉ።

የፕሮግራሙ ስም ሊሂፕ ይባላል። በ1981 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተቋቋመ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ለየስቴቱ ይከፋፈላል፤ ስቴቱ ደግሞ የራሱን ስም ሰጥቶ ያካሂደዋል። ለዚህ ነው አንዱ ስቴት ያለ ዘመዳችሁ በሌላ ስም ሲጠራው የምትሰሙት። ብድር አይደለም፣ አትመልሱትም። ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ በእጃችሁ አይገባም፤ በቀጥታ ለጋዙ ወይም ለመብራቱ ኩባንያ ይከፈልና ቢላችሁ ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይታያል። በፕሮፔን ወይም በነዳጅ የሚያሞቅም ይመለከተዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ፉድ ስታምፕ ብቁ ለሆነ ሁሉ ይሰጣል፤ ሊሂፕ እንደዚያ አይደለም። ኮንግረስ በየዓመቱ የሚመድበው የተወሰነ ገንዘብ አለ። በቅርብ ዓመታት 4 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ሲያልቅ አለቀ ነው። ብቁ ከሆኑት ቤተሰቦች አብዛኞቹ አያገኙትም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ አልጠየቁም። ስለዚህ ብርዱ እስኪጠና መጠበቅ አይበጅም። የፌዴራሉ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። ስቴታችሁ ማመልከቻ መቀበል የሚጀምርበትን ቀን በሰመር መጨረሻ ጠይቃችሁ እወቁ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ስለ ፕሮግራሙ ስናወራ ባለቤቴ መጀመሪያ ያነሣው ገንዘቡን አይደለም። "ግሪን ካርዳችን ላይ ችግር ያመጣል" አለ። ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁት አልነግራችሁም። አንዱ ለዜጋ ብቻ ነው ይላል። ሌላው በዲቪ የመጣ ሰው 5 ዓመት መቆየት አለበት ይላል። ሦስተኛው ሲቲዘንሺፕ ያስከለክላል ይላል። ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

ያጣራሁት ይኸው። ግሪን ካርድ ያለው፣ በስደተኝነት የመጣ፣ ጥገኝነት ያገኘ ሰው ማመልከት ይችላል። እንደ ፉድ ስታምፕ ባሉ ፕሮግራሞች ላይ ያለው የ5 ዓመት ጥበቃ ሊሂፕን አይመለከትም። በቤቱ ካሉት አንዱ ወረቀት ባይኖረውም በብዙ ስቴት ብቁ ለሆኑት የቤተሰቡ አባላት ማመልከት ይቻላል። "ፐብሊክ ቻርጅ" የሚባለው፣ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው የመንግሥት ጥገኛ ይሆን እንደሆነ የሚመዘንበት ደንብ ነው። በ2022 የወጣው ደንብ የሚያየው በዋናነት ለኑሮ የሚሰጥ የጥሬ ገንዘብ ድጎማን ነው፤ የማሞቂያ እርዳታን አይቆጥርም። የኢሚግሬሽን ደንብ ግን ይለዋወጣል። ፋይላችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ በአካባቢያችሁ ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ። ሻይ ቤት የተሰማውን ይዛችሁ አትቅሩ።

ሁለተኛው ጥያቄ "ገቢያችን አይበዛም ወይ?" የሚል ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ለስቴቶች ጣሪያ ያስቀምጣል። ከድህነት መስመሩ 150 በመቶ ወይም ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 60 በመቶ፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው ጣሪያው። በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ የድህነት መስመሩ 32,150 ዶላር ነበር፤ 150 በመቶው ሲሰላ 48,225 ይመጣል። ሚኒሶታ የምትጠቀመው የስቴቱን መካከለኛ ገቢ 50 በመቶ ነው፤ ያ ደግሞ ለ4 ሰው ከዚህ ይበልጣል። ሁለት ሰው እየሠራ እንኳ ብቁ የሚሆን ቤተሰብ ብዙ ነው። ፉድ ስታምፕ ወይም ኤስኤስአይ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋዊና አካል ጉዳተኛ በየወሩ የሚሰጥ ገንዘብ) የሚያገኝ ሰው ቤታችሁ ካለ ደግሞ መጀመሪያውኑ ተናገሩ። ሕጉ ስቴቶች እንዲህ ያለውን ቤት በቀጥታ ብቁ አድርገው እንዲወስዱ ይፈቅዳል፤ የወረቀቱን ጣጣ ያቀልላችኋል።

ፎርሙን ሞልተን ላክን። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተወሳሰበው።

ከጊዜ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አነበበውና "አልሰጡንም" ብሎ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። እኔም ከሥራ ደክሞኝ መጥቼ ስለነበር አመንኩት። ደብዳቤው እዚያው ከረመ። በመካከሉ ደግሞ ከጋዝ ኩባንያው የመቁረጫ ማስጠንቀቂያ ደረሰን።

ያን ቀን ወደ ማመልከቻው ቢሮ ደወልኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፤ እንዲህ ላለ ነገር ግን ቃል ይጠፋብኛል። "አማርኛ አስተርጓሚ" አልኩ፣ ሁለት ቃል ብቻ። ትንሽ አቆዩኝና አንዲት ሴት በመስመሩ ገባች። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አነበብኩላት። አዳምጣ ስትጨርስ "እህቴ፣ እምቢ አላሏችሁም እኮ። ማመልከቻው አልተሟላም ነው የሚለው። የባለቤትሽን ገቢ የሚያሳይ ወረቀት ጎድሏል። እስከዚህ ቀን ድረስ አምጡ ይላል" አለችኝ። የተሰጠው ቀን ገና አላለፈም ነበር።

ብዙ ሰው የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የብዙ ቤተሰብ ደብዳቤ አይቻለሁ። "አልተሟላም" የሚለውና "አልተፈቀደም" የሚለው ደብዳቤ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። አናቱ ላይ ያው ማኅተም፣ ያው ረጅም የሕግ ቋንቋ፣ ታች ያው ስለ ይግባኝ የሚያወራ አንቀጽ። ዋናው ነገር፣ ማለትም የጎደለው ወረቀት፣ መሐል ላይ በአንድ መስመር ተሸጉጧል። ደብዳቤ ሲመጣላችሁ መጀመሪያ ቀን ፈልጉ። "እስከዚህ ቀን ድረስ" የሚል ካለው በሩ ገና አልተዘጋም። ካልገባችሁ ደውላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ድርጅት በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የቋንቋ እገዛ ማድረግ አለበት። በነጻ ነው። የ10 ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት፤ ልጁ የማያውቀውን ቃል ዘልሎ ያልፈዋል፣ የቤቱንም ጭንቀት ይሸከማል።

በእርግጥም ከተከለከላችሁ፣ ወይም መልስ ሳይሰጧችሁ ከዘገዩ፣ ሕጉ ይግባኝ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። በጽሑፍ ጠይቁ። ኮፒውን ያዙ።

ወረቀቱን በተመለከተ የእኛ ሰው የሚቸገርባቸው ነገሮች ከሌላው ለየት ይላሉ። ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ስም ነው። እኔ የአባቴን ስም ይዣለሁ። ባለቤቴ የአባቱን። ልጆቻችን ደግሞ የእሱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘዋል። እናቴ የአያቴን። በአንድ ቤት አራት ዓይነት "የቤተሰብ ስም" ሲያዩ ሠራተኞቹ ግራ ይገባቸዋል። አንዷ "እነዚህ ሰዎች ተከራይ ናቸው?" ብላ ጠይቃኛለች። በተጨማሪ የአንዱ ስም ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ፊደል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ በሌላ ፊደል ይጻፋል። ፎርሙ ላይ የምትጽፉት በሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ እንዳለው ይሁን። ስለ ስማችን አጠራር ሁለት መስመር ጽፋችሁ ከፎርሙ ጋር አያይዙ። ይህች ትንሽ ወረቀት ብዙ ምልልስ ታስቀራለች።

ሁለተኛው የቢሉ ስም። ቤት ሲቀየር የጋዙ አካውንት በአጎት ልጅ ስም ወይም ቀድሞ በነበረው ተከራይ ስም የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ማመልከቻው ሲታይ "ይህ ሰው ማነው?" ይመጣል። አካውንቱን ወደ ራሳችሁ ስም አዙሩት፤ ከማመልከታችሁ በፊት ቢሆን ይሻላል።

ሦስተኛው ገቢ ነው። የሚጠየቀው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው፤ እጃችሁ የገባው አይደለም። አገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ አይቀነስም። ያሳዝናል፣ ግን እንዲያ ነው። እንደ ባለቤቴ ለራሱ የሚሠራ ሰው ቼክ ስተብ የለውም፤ የእኛን ማመልከቻ ይዞት የነበረውም ይኸው ነው። ለእኛ የተጠየቀው የታክስ ወረቀቱ ነበር። ለነዳጅና ለጥገና የወጣው ተቀንሶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ታክስ ስትሠሩ ወጪያችሁን በደንብ አስመዝግቡ። አንድ የማውቀው ወንድም የባንክ ወረቀት አስገብቶ የዕቁብ ዕጣ የደረሰው ወር ላይ ወደቀ። ያን ሁሉ ገንዘብ "ከየት መጣ?" ተባለ። ዕቁብ ምን እንደሆነ በጽሑፍ አስረድተን፣ በየወሩ ሲከፍል የነበረውን አሳይተን ነው የተፈታው።

አራተኛው ደባል ነው። ክፍል አከራይታችሁ ከሆነ አትደብቁ። አብሮ የሚኖርና ቢሉን የሚጋራ ሰው እንደ ቤቱ አባል ሊቆጠር ይችላል። ደብቆ የተገኘ ሰው የሚመጣበት ጣጣ ከሚያገኘው እርዳታ ይበልጣል። ሳትሞሉ በፊት ጠይቃችሁ እንዳሏችሁ አድርጉ።

አሁን ወደ መቁረጫው ማስጠንቀቂያ። ሚኒሶታ ከኦክቶበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 የሚሠራ የብርድ ወቅት ደንብ አላት። ብዙ ሰው "በዊንተር መቁረጥ አይችሉም" ብሎ ተዝናንቶ ይቀመጣል። ይችላሉ። ደንቡ የሚጠብቃችሁ ራሳችሁ ኩባንያው ጋ ደውላችሁ የክፍያ ስምምነት ካደረጋችሁና ስምምነቱን ካከበራችሁ ነው። ገቢያችሁ ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከወር ገቢያችሁ ከ10 በመቶ በላይ እንድትከፍሉ አትገደዱም። ይህን ቁጥር ያወቅኩት ከአስተርጓሚዋ ጋር ስንነጋገር ነው፤ አቋሜንም ያስተካከለልኝ እሱ ነው።

ስደውል የጋዝ ኩባንያው ሠራተኛ መጀመሪያ የጠየቀኝ የውዝፉን ግማሽ አሁኑኑ እንድከፍል ነበር። "በብርድ ወቅት ደንብ ስምምነት ማድረግ እፈልጋለሁ፤ የቤተሰቤ ገቢ ይህን ያህል ነው" አልኩ። ድምፁ ተለወጠ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ሌላ ክፍል አዛወረኝ፣ እዚያ ልንከፍለው በምንችለው መጠን ተስማማን። የተነጋገርኩትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የተስማማነውን ደብተር ላይ ጻፍኩ። እናንተም ጻፉ። አንድ ክፍያ ማሟላት ካልቻላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ደውላችሁ ስምምነቱ እንዲሻሻል ጠይቁ። ቀኑ ካለፈ ጥበቃው ይነሣል። ካልተስማማችሁ ደግሞ የጋዝና የመብራት ኩባንያዎችን ለሚቆጣጠረው ለስቴቱ የፐብሊክ ዩቲሊቲስ ኮሚሽን አቤት ማለት ይቻላል። ሌላ ስቴት ያላችሁ ደንቡ ስለሚለያይ የራሳችሁን ኮሚሽን ጠይቁ።

ቤታችሁ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ፣ ለምሳሌ ኦክስጅን የሚሰጥ ማሽን ካለ፣ ሐኪሙ እንዲጽፍላችሁ አድርጉና ለኩባንያው አስገቡ። ሚኒሶታ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ ጥበቃ አለው። ከተቆረጠባችሁ ወይም ሊቆረጥባችሁ ከሆነ ደግሞ ለሊሂፕ ስታመለክቱ "ክራይሲስ ነው" በሉ። ይህ ቃል ፋይላችሁን ወደ ሌላ መስመር ያስገባዋል። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ብቁ ቤተሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ በ18 ሰዓት ውስጥ መፍትሔ እንዲሰጥ ያዛል።

ወረቀቱን አሟልተን ከላክን በኋላ ተፈቀደልን። የሚቀጥለው ቢል ሲመጣ ከታች የመቀነስ ምልክት ያለው መስመር ነበረበት። ባለቤቴ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አነበበው። ውዝፉ ሁሉ አልተከፈለም። የቀረውን በስምምነቱ መሠረት እየከፈልን ጨረስን። ቴርሞስታቱ ግን ከፍ አለ፣ እናቴም ጋቢዋን ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ማድረግ ጀመረች።

ሳልጠብቀው የተጠቀምኩት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ያው የሊሂፕ ማመልከቻ ለቤት እድሳት ፕሮግራምም ያገለግላል። ይህኛው ከ1976 ጀምሮ ያለ፣ በፌዴራሉ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት የሚደገፍ ፕሮግራም ነው። ዓላማው ቤቱ ሙቀት እንዳያባክን ማድረግ ነው፤ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ልጆች ያሉባቸው ቤቶች ቅድሚያ ያገኛሉ። ወረፋው ረጅም ነው። የእኛ ተራ ሲደርስ አንድ ባለሙያ መጣ። ዋናውን በር ከፍቶ በሩ ላይ በልኩ የተወጠረ ቀይ ጨርቅ ገጠመ፤ ከጨርቁ ታች ትልቅ ማራገቢያ አለው። አየሩን ከቤት ወደ ውጭ መሳብ ሲጀምር ቤቱ በሙሉ መተንፈስ ጀመረ ማለት ይቀለኛል። "እጅሽን እዚህ አድርጊ" አለኝ። ሶፋው ጀርባ ያለው የመብራት ሶኬት ነው። በዚያች ቀዳዳ ቀዝቃዛ ነፋስ እንደ ውሃ ይፈሳል። ወደ ጣሪያው የሚያስወጣው ትንሽ በር ዙሪያም እንደዚያው። ስንት ዊንተር የከፈልነው ገንዘብ በዚያ ይወጣ ነበር። ስንጥቁን ደፈኑ፣ ጣሪያው ውስጥ መከላከያ ሞሉ፣ ፈርኒሱን አስተካከሉ። አንድ ዶላር አልከፈልንም።

ተከራይ ስለሆንን አከራያችን መፈረም ነበረበት። መጀመሪያ አመነታ። ቤቱ የሚታደሰው ለእሱ መሆኑን፣ ምንም እንደማይከፍል፣ ዱፕሌክስ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱ ቤት ብቁ ከሆነ እንደሚበቃ የድርጅቱ ሠራተኛ አስረዳው። በዚህ ሥራ ምክንያት ለተወሰነ ጊዜ ኪራይ መጨመር እንደማይቻልም ነገረው። ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፣ ግን ፈረመ። አከራያችሁን ራሳችሁ ለማሳመን ከመድከም ሠራተኛው እንዲደውልለት ጠይቁ።

በሚቀጥለው መኸር ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አዳራሹ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አስቀመጥን። እኔ፣ አንዲት ነርስና አንድ ታክስ የሚሠራ ወጣት። ፎርም፣ እስክሪብቶ፣ ወረቀት ፎቶ የሚያነሣ ስልክ፤ ሌላ ምንም የለም። ሰው ቡናውን ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹ ሁለት ሥራ ይሠራሉ፣ ቢሮው ሲከፈት እነሱ ሥራ ላይ ናቸው። እሁድ ግን አሉ። ቢሮው ራሱ ዘግየት ብሎ አንድ ሠራተኛ መላክ ጀመረ፤ በአንድ ከሰዓት የተሟላ ፎርም ይዛ ትመለስ ነበር። የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ እናቶቻችን ጋ አይደርስም።

አንዲት እናት ለረጅም ጊዜ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ቆዩ። "እትዬ፣ ይቀመጡ" ስላቸው "እኔ የመጣሁት ለጎረቤቴ ነው" አሉኝ። ወረቀቱን ሲያወጡ ቢሉ በራሳቸው ስም ነው። ምንም አላልኩም። ሞላንላቸው። የእኛ ሰው ልመና ይመስለዋል፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ክርክር አይጠቅምም። እኔ የምለው "ታክስ ከፍለውበታል" ብቻ ነው። ለአብዛኛው ይህ ይበቃዋል።

በ2025 መኸር የፌዴራል መንግሥቱ ሲዘጋ የዚያ ዓመት ገንዘብ ዘግይቶ ነበር የተለቀቀው። ያን ጊዜ "ፕሮግራሙ ቀረ" የሚል ወሬ ተናፈሰና ሰው ማመልከት ተወ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ቢሮው ማመልከቻ እየተቀበለ እንደሆነ ጠይቁ፤ እየተቀበለ ከሆነ አስገቡ። ገንዘቡ ሲለቀቅ ፋይሉ የተሟላለት ሰው ይቀድማል። እስከዚያ ክፍተቱን የሚደፍኑ ሌሎችም አሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ሳልቬሽን አርሚ የሚያካሂደው ሂትሼር አንዱ ነው። 211 ሌሎቹን ይነግሯችኋል።

ከአጭበርባሪም ተጠንቀቁ። የሊሂፕ ማመልከቻ ነጻ ነው፤ "50 ዶላር ከፍላችሁ ላስፈጽምላችሁ" የሚል ሰው ካለ ተዉት። "በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንቆርጣለን፣ በጊፍት ካርድ ክፈሉ" ብሎ የሚደውል ኩባንያ የለም። ስልኩን ዝጉና ቢሉ ላይ ባለው ቁጥር ራሳችሁ ደውሉ።

ሌላው ደግሞ፣ አምና ያገኘ ሰው ዘንድሮም በራሱ የሚቀጥል ይመስለዋል። አይቀጥልም። በየዓመቱ አዲስ ማመልከቻ ነው፣ አዲስ የገቢ ወረቀት ነው። ሚኒሶታ ላላችሁ የማመልከቻው መዝጊያ ሜይ 31 ነው፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ በፊት ሊያልቅ ይችላል። የወረቀቶቻችሁን ፎቶ ስልካችሁ ላይ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ፤ የሁሉም ሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የኪራይ ውል፣ የመጨረሻው የጋዝና የመብራት ቢል፣ የታክስ ወረቀት። ቼክ ስተቡን በየወሩ ጨምሩበት። ያን ፎልደር ያዘጋጀ ሰው ፎርሙን ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅበትም።